በራሷ ስም

በጎንደር ከተማ የሚኖር ክርስቲያን ኅዳር 6 ቀንን አይረሳም። ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ፥ በወርኃ ጽጌ፥ ሊቃውንቱ በየሰንበቱ ሌሊት ማኅሌቱን ሲቆሙ ይሰነብቱና በማግሥቱ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ወደ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ይወጣል። ይህችን ደብር ከነቤተ መንግሥቷ ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1730 ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ሳለ ሲነግሥ፥ ዘውድ ጭነው መንግሥቱን ያስተዳደሩት ማለት ነው። ለደብሯም የተሰጠው ስም፥ እመቤታችን በግብፅ ምድር በስደት ያረፈችበት የቁስቋም ተራራ ስም ነው።

በልጅነቴ ለድቁና ስማር ሳለሁ፥ የኔታ አንድ ቀን «ይህ ስደት የማን ስደት ይባላል?» ብለው ጠየቁን። ከመካከላችን አንዱ «መንገዱን የመራ ዮሴፍ ነውና የዮሴፍ ስደት ይባላል» ብሎ መለሰ። የኔታም ፈገግ ብለው፥ ዮሴፍ ጠባቂ ሆኖ አብሮ እንደ ሄደ፥ ሰሎሜም አብራ እንደ ተንከራተተች፥ ቤተ ክርስቲያን ግን ነገሩን የእመቤታችን ስደት ብላ እንደምትጠራው አስረዱን። ያን ጊዜ ይህ የአጠራር ጉዳይ ብቻ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ግን፥ በመምህርነት ብዙ ዓመት ከቆየሁ በኋላ፥ ከአገሩ ለሚወጣ ሰው ስም ቀላል ነገር እንዳልሆነ ተረድቻለሁ። ይልቁንም ለሴት ልጅ፥ ስሟ በወረቀቱ ላይ መጻፉና ወረቀቱም በእጇ መገኘቱ፥ የመዳንና የመጥፋት ጉዳይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የዚህ ወር ጽሑፌ ስለዚህ ነገር ነው።

በቅርብ ዓመት በዚሁ በቁስቋም ዕለት፥ ከቅዳሴ በኋላ በደብሩ ቅጽር ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ሳለሁ፥ አንዲት የወገራ እናት ከልጃቸው ጋራ ወደ እኔ መጡ። ልጅቷ በከተማ ከአክስቷ ቤት ተቀምጣ ሁለት ዓመት ያስተማርኋት ናት። እናቲቱ ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ወረቀት ፈትተው «መምህር፥ አንቱ የተማሩ ነዎትና እስኪ ይህን ያንብቡልኝ» አሉኝ።

ወረቀቱ ወደ ዐረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት የሚያስኬድ ውል ነው ተብሎ ከደላላ የተሰጣቸው ነው። ግማሹ በዐረብኛ፥ ግማሹ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። እንግሊዝኛውን ሳነበው የአሠሪው ስም አለ፤ የደመወዙ ልክ የሚጻፍበት ቦታ ግን ባዶ ነው። የልጅቷ ዕድሜ 17 ዓመት ሲሆን 20 ተብሎ ተጽፏል። በፊርማው ቦታ የአባቷ የጣት አሻራ አለ፤ የእርሷ ፊርማ ግን የለም። ደመወዟ ይላክበታል ተብሎ የተሞላው የባንክ ደብተር ቍጥርም የወንድሟ ነው። እንግዲህ የምትሄደው እርሷ፥ የምትሠራው እርሷ፥ የምትደክመው እርሷ ስትሆን፥ በወረቀቱ ላይ በትክክል የተጻፈው የእርሷ ነገር ስሟ ብቻ ነው።

ወደ ልጅቷ ዘወር ብዬ «አንቺስ ምን ትያለሽ፥ ልጄ?» አልኋት። እናቲቱ ሊመልሱልኝ ጀመሩ። እኔም «እናቴ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝና እስኪ እርሷ ትናገር» አልኋቸው። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ጥቂት ከቆየች በኋላ እንዲህ አለች፦ «መምህር፥ ወንድሜ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ሲወርድ ማንም አልመከረበትም፤ ስንቁን ይዞ ሄደ። በእኔ ጊዜ ግን ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ መከረ። ትሂድ ያለም አለ፤ አትሂድ ያለም አለ። አንቺስ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልነበረም።»

ይህ ቃል ልቤን ወጋው። የወጋበትንም ምክንያት ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

በ2006 ዓ.ም. አንድ የማውቀው አባት፥ ልጁ ወደ ዐረብ አገር ልሂድ እያለች እንዳስጨነቀችው ነግሮኝ ምክር ጠየቀኝ። እኔም ልጅቷን አንድ ቃል ሳላነጋግራት «ከልክላት፤ መታወቂያዋንም ቆልፍበት» አልሁት። ያሰብሁት ለደኅንነቷ ነበር፤ በዚያ ዘመን በእኅቶቻችን ላይ የሚደርሰውን መከራ የማይሰማ ሰው አልነበረምና። አባትየው እንደ ምክሬ አደረገ። ልጅቷ ግን ወር ሳይሞላ በሌሊት ጠፋች። በሕግ የምትሄድበት በር ስለ ተዘጋባት፥ በደላላ መሪነት በመተማ በኩል ድንበር ተሻግራ ሱዳን ገባች፤ በካርቱም ከተማም በሰው ቤት ዓመታት አገለገለች። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ አሠሪዎቿ ቤቱንም እርሷንም ጥለው ሸሹ። እርሷም አንዳንዴ በእግሯ፥ አንዳንዴም በጭነት መኪና እየተሳፈረች፥ ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. ከወደቁባት ከመተማ ደረሰች። ከድንበሩ ላይ ስትደርስ ግን ኢትዮጵያዊት መሆኗን የሚያስረዳላት አንድ ቁራጭ ወረቀት በእጇ አልነበረም። ወረቀቱ በወገራ በአባቷ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ነበር። ያስቆለፍሁትም እኔ ነኝ።

ቤቷ ከገባች በኋላ ይቅርታ ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ቡና አፍልታ አስተናገደችኝ እንጂ አልወቀሰችኝም። አለመውቀሷ ግን ከወቀሳ ይልቅ ከበደኝ።

ይህን የራሴን ጥፋት በአደባባይ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ በአንድ ቤት ያደረግሁት ነገር በአገርም ደረጃ ተደርጎ ነበርና ነው። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ዜጎች ለሥራ ወደ ዐረብ አገሮች እንዳይሄዱ አገደ። በዚያው በኅዳር ወር ሳዑዲ ዐረቢያ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ማባረር ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ከ160,000 የሚበልጡ ወንዶችና ሴቶች ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። እገዳው የታሰበው ለጥበቃ እንደ ነበረ አልጠራጠርም። ነገር ግን ችግሩ ከቤት አልወጣም፤ ሥራ ፈላጊዋም አሳቧን አልለወጠችም። የተዘጋው ፓስፖርትና ውል የሚያዝበት በር ብቻ ሆነ፤ የደላላውና የበረሃው በር እንደ ተከፈተ ነበር። እገዳው የተነሣው በ2010 ዓ.ም. ነው።

በመካከሉም በ2008 ዓ.ም. የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቍጥር 923 ወጣ። አዋጁ ብዙ መልካም ነገር አለው። ከ18 ዓመት በታች ያለችን ልጅ መላክ ይከለክላል፤ የመግቢያ ቪዛና የመጓጓዣ ወጪ በአሠሪው ላይ እንዲሆን ያዛል፤ ከተቀባዩም አገር ጋራ ስምምነት እንዲኖር ይጠይቃል። ዳሩ ግን ያን ጊዜ ሲወጣ ሠራተኛዋ 8ኛ ክፍልን የጨረሰች እንድትሆን ይጠይቅ ነበር። በከተማ ላደገች ልጅ ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። በሰሜን ተራራ ላይ፥ ውኃ ቅጂ፥ ከብት ጠብቂ፥ ታናናሾችሽን አሳድጊ ተብላ ከ4ኛ ወይም ከ5ኛ ክፍል ለቀረች ልጅ ግን፥ ሕጋዊው መንገድ ከመጀመሪያው የተቆረጠ ማለት ነው። መጀመሪያ ትምህርቱን ከለከልናት፤ ቀጥሎ ስላልተማረች ሕጋዊውን መንገድ ከለከልናት፤ በመጨረሻም በመተማ በረሃ ስትገኝ ሕገ ወጥ ብለን ጠራናት። አዋጁ በ2013 ዓ.ም. ተሻሽሏል፤ ከነገሩ የምንማረው ትምህርት ግን ሊረሳ አይገባውም።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። እንደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቍጥር፥ እ.ኤ.አ. በ2020 ከተወለዱበት አገር ውጭ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች 281 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ፥ ከ100ው 48ቱ ሴቶች ነበሩ። ይህን ያህል ሆነው ሳለ፥ ለረጅም ዘመን በየአገሩ ሕግ የሴት ስደት ሲታሰብ፥ ወይ ባሏን የተከተለች ሚስት፥ ወይም ልትጠበቅ የሚገባት ሕፃን ተደርጋ ነው። ሴቶችን ከመድልዎ የሚጠብቀውን ዓለም አቀፍ ስምምነት፥ ኢትዮጵያም በ1973 ዓ.ም. የተቀበለችውን፥ የሚከታተለው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ ስደተኛ ሴት ሠራተኞች ባወጣው ምክር፥ መንግሥታት ሴቶችን ለይተው የሚያግዱ ክልከላዎችን እንዲያነሡ አሳስቧል። የምክሩ መንፈስ እንዲህ ነው፦ ጥበቃ ማለት ሴቲቱን በቤት መቆለፍ ሳይሆን መንገዱን ለእርሷ የተጠበቀ ማድረግ ነው። እኔ ይህን ምክር ሳነብ የወገራው ሣጥን ትዝ ይለኛል።

ወረቀት በሌላ ሰው እጅ ሲሆን ምን እንደሚከተል ከቤይሩት እንማር። በሊባኖስና በአንዳንድ የባሕረ ሰላጤው አገሮች «ከፋላ» የሚባል ሥርዓት ሥር ሰዷል። በዚህ ሥርዓት የቤት ሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋራ የታሰረ ነው፤ ያለ እርሱ ፈቃድ ቤቱን ትታ ከወጣች ፈቃዷን ታጣለች። ብዙ አሠሪዎች ፓስፖርቷንም ወስደው ይቆልፉበታል። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓቸዋል። በ2012 ዓ.ም. በግንቦትና በሰኔ ወራት፥ የሊባኖስ ገንዘብ በወደቀና የኮሮና በሽታ በተስፋፋ ጊዜ፥ አንዳንድ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት ሠራተኞቻቸውን ደመወዛቸውን እንኳ ሳይከፍሉ አምጥተው በቤይሩት ከተማ በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ሄዱ። ልጆቹ ከሻንጣቸው ጋራ በመንገድ ዳር ተኝተው የታዩበትን ሥዕል ያየ ኢትዮጵያዊ አይረሳውም። ፓስፖርታቸው በእጃቸው ያልነበረ ልጆች ወደ አገራቸው ለመመለስ እንኳ የሰው ፈቃድ መለመን ነበረባቸው።

እስካሁን ስለምትወጣው ተናገርሁ። ወደ እኛ ስለምትመጣውስ? እግዚአብሔር የጎንደርን ምድር በዘመናችን አስተናጋጅ አድርጓታል። በትግራይ ጦርነት ምክንያት ከማይ ዓይኒና ከአዲ ሐሩሽ መጠለያዎች የወጡ ኤርትራውያን ስደተኞች፥ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን ጎንደር ከደባት ከተማ አጠገብ በዓለምዋጭ ሰፍረዋል። ከሱዳን ጦርነት የሸሹት ደግሞ በመተማ በኩል ገብተው በኩመርና በአውላላ መጠለያ ተሰጣቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ባሎቻቸው በኋላ የቀሩባቸው፥ ልጆቻቸውን ያዘሉ እናቶች ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ከአውላላ ብዙዎች ጸጥታ አጥተው መጠለያውን ለቀው በመንገድ ዳር እስከ መቀመጥ ደርሰዋል። በእንዲህ ያለ ቦታ ለማገዶና ለውኃ ርቃ የምትሄደው ሴቲቱ ናትና፥ የጸጥታ መጓደል መጀመሪያ የሚያገኘው እርሷን ነው።

የስደተኞች ሕግ መሠረት የሆነው እ.ኤ.አ. የ1951 ዓለም አቀፍ ስምምነት፥ ኢትዮጵያም በ1962 ዓ.ም. የገባችበት፥ ሰው ስደተኛ የሚባልባቸውን አምስት ምክንያቶች ይዘረዝራል፤ እነርሱም ዘር፥ ሃይማኖት፥ ዜግነት፥ የአንድ ማኅበራዊ ክፍል አባል መሆንና የፖለቲካ አስተሳሰብ ናቸው። ሴት በመሆን ብቻ የሚደርስ መከራ ከአምስቱ አንዱ ሆኖ አልተጻፈም። እንግዲህ ያለ ፈቃዷ ልትዳር ስትል የሸሸች፥ ወይም ግርዛትን ፈርታ የወጣች ሴት በየትኛው በር ትግባ? ሕጉን የጻፉት ሰዎች በዓይነ ሕሊናቸው ያዩት ንጉሥን የተቃወመ ወንድ ነበር፤ ከጎረቤትና ከዘመድ የሸሸችው ልጅ አልታየቻቸውም።

ነገሩ ቀስ በቀስ ተስተካከለ። እ.ኤ.አ. በ1985 የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን አስፈጻሚ ኮሚቴ፥ የአካባቢያቸውን ልማድ ተላልፋችኋል ተብለው የሚሠቃዩ ሴቶች እንደ አንድ ማኅበራዊ ክፍል ሊቈጠሩ እንደሚችሉ አሳሰበ። በ1993 ካናዳ የሴቶችን የስደት አቤቱታ ዳኞች እንዴት እንዲመረምሩ መመሪያ አወጣች። በ1996 አሜሪካ፥ ግርዛትን ሸሽታ ከቶጎ ለመጣች አንዲት ወጣት ጥገኝነት ሰጠች። (እነዚህ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ሚስት ከባሏ ተለይታ ለብቻዋ እንድትጠየቅ፥ ብትሻም ሴት ጠያቂና ሴት አስተርጓሚ እንድታገኝ የሚለው ሥርዓትም ከዚህ ወዲህ ተስፋፋ። በባልና በወንድም ፊት የማይነገር ነገር አለና።

በመጠለያውም ውስጥ ያው የወረቀት ነገር ይመጣል። በብዙ አገር ለረጅም ዘመን የራሽን ካርድ ይሰጥ የነበረው ለቤቱ አባወራ ነበር። ባል ጥሎ ቢሄድ ካርዱ አብሮ ይሄዳል፤ ቢመታትና ተለይታ ልትኖር ብትፈልግ ዱቄቱና ዘይቱ በእርሱ እጅ ነው። ስለዚህም የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2001 ለስደተኛ ሴቶች አምስት ነገር ቃል ሲገባ፥ ከእነርሱ አንዱ ሴቲቱ ለብቻዋ ተመዝግባ በራሷ ስም ወረቀት እንድታገኝ፥ ሌላውም በምግብ እደላው አስተዳደር እንድትሳተፍ የሚል ሆነ። እኛም በ2011 ዓ.ም. ያወጣነው የስደተኞች አዋጅ ቍጥር 1110 ስደተኞች ሥራ የሚሠሩበትን፥ የልጆቻቸውን ልደት የሚያስመዘግቡበትን፥ በባንክ የሚገለገሉበትን መብት ይሰጣል። ይህ መብት ለሴቲቱ በእውነት የሚጠቅማት፥ ወረቀቱ በእርሷ ስም ሲሆን ነው።

አንዳንድ አባቶች ይህን ሲሰሙ «መምህር፥ ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ በአገራችን ሴት በአባቷና በባሏ ስም ስትጠራ ኖራለች» ይሉኛል። እኔ ግን በጎንደር ተወልጄ ይህን ልቀበል አልችልም። በአማራው አገር የርስት ሕግ ሴት ልጅ ከአባቷም ከእናቷም ወገን ርስት ትካፈል ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት በጎንደር አድባራት መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የተጻፉ የመሬት ሽያጭና የስጦታ ውሎች ዛሬም አሉ፤ በእነርሱም ውስጥ ሻጭ፥ ገዢና ተከራካሪ ሆነው በየስማቸው የተጻፉ ሴቶች ይገኛሉ። በዘመናችንም በክልላችን የመሬት ይዞታ ደብተር ሲታደል የባልና የሚስት ስም፥ ፎቶግራፋቸውም ሳይቀር፥ ጎን ለጎን ገብቷል። ብዙ የገጠር እናቶች በሕይወታቸው መጀመሪያ የተነሡት ፎቶግራፍ ያ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ያን ደብተር ይዛ ከፍርድ ቤት ስትቆም፥ ስም በወረቀት ላይ መጻፉ ምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ይታወቃል።

በሌላ በኩል ደግሞ የቀድሞ ሕጋችን ጉድለት እንደ ነበረበት አንክድም። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ፥ የውጭ አገር ሰው ያገባች ኢትዮጵያዊት የባሏን ዜግነት ካገኘች ኢትዮጵያዊነቷን ያስቀርባት ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ግን ወንድም ሆነ ሴት የውጭ ሰው በማግባቱ ዜግነቱን እንደማያጣ፥ ከወላጆቹም አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ልጁ ኢትዮጵያዊ እንደ ሆነ ደንግጓል። እንግዲህ የተሻለው ሕግ ከነባሩ የርስት ልማዳችን ጋራ ይስማማል እንጂ አይጣላም።

ሌሎች ደግሞ «ለሴት ልጅ መንገዱ አደገኛ ስለ ሆነ ነው የምንከለክላት» ይላሉ። አደጋው እውነት ነው፤ አላቃልለውም። በሴት ላይ የሚደርስ፥ በወንድ ላይ እምብዛም የማይደርስ መከራ መኖሩን ማንም ያውቃል። ነገር ግን ወንዱን ስንልከው አደጋውን የምንረሳው ለምንድር ነው? በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ በሃይማኖታቸው ምክንያት አንገታቸውን የተቀሉት፥ ቤተ ክርስቲያናችን በሰማዕትነት የምታስባቸው ኢትዮጵያውያን፥ ወንዶች ወጣቶች ነበሩ። እነርሱንም «ወንድ ናችሁና ትወጡታላችሁ» ብለን ሸኘናቸው። ስለዚህ አደጋውን በእኩል እንመርምር፤ ምክሩንም በእኩል እንስጥ። ወንዱን ሳይመከር መስደድ፥ ሴቷን ሳትጠየቅ መቆለፍ፥ ሁለቱም የአንድ ስሕተት ሁለት ፊቶች ናቸው።

ከዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍር ነገር ልጨምር። የቤይሩትን አሠሪ ስንወቅስ፥ በየጓዳችን ያለችውን ልጅ እናስታውስ። ከደምቢያ፥ ከወገራ፥ ከሰሜን መጥታ በጎንደር ቤቶቻችን እንጀራ የምትጋግር፥ ልጅ የምታዝል ልጅ አለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156፥ ሊባኖስ እንዳደረገችው ሁሉ፥ የቤት ሠራተኞችን በራሱ ውስጥ አላካተተም፤ ጉዳያቸውን ገና ለሚወጣ ደንብ ትቶታል። ሕጉ ባይደርስላት ሕሊናችን ይድረስላት። ደመወዟ በወሩ ይሰጣታል ወይስ «ስትሄድ እሰጥሻለሁ» ተብሎ በእመቤቲቱ እጅ ይቈያል? የማታ ትምህርት ትሄዳለች ወይ? ለቅዳሴ ትወጣለች ወይ? መታወቂያዋስ በማን መሳቢያ ነው ያለው? በቤታችን ያልሠራነውን ጽድቅ ከባዕድ አገር መጠየቅ ይከብዳል።

እንግዲህ ልጅ ለሚልክ፥ ወይም ልጁ ለመሄድ የምታስብ ቤተሰብ ከልምዴ የምመክረው ይህ ነው። አንደኛ፥ እርሷን ራሷን ጠይቁ፤ ሽማግሌው ከመቀመጡ በፊት ጠይቁ፤ እንቢ ብትልም ቃሏ ይከበር። ሁለተኛ፥ ዕድሜዋ አይዋሽ፤ 18 ዓመት ሳይሞላት በ20 ዓመት ስም የሄደች ልጅ፥ ችግር ቢደርስባት ሕፃንነቷን የሚመሰክርላት ወረቀት የላትም። ሦስተኛ፥ ውሉ በምታነበው ቋንቋ ይኑር፤ ደመወዙ በቍጥር ይጻፍ፤ ፊርማው የእርሷ ይሁን፤ የውሉና የፓስፖርቱ ግልባጭ በቤት ይቀመጥ፥ የፓስፖርቱንም ቍጥር በቃሏ ትያዘው። ፈቃድ ከሌለው ደላላ አትዋዋሉ፤ ለቪዛና ለመጓጓዣ ክፈሉ የሚላችሁንም አትመኑት። አራተኛ፥ የባንክ ደብተሩ በራሷ ስም ይከፈት። ለወላጆቿ መርዳት መልካም ነው፤ እናትና አባትን ማክበር ትእዛዝ ነውና። ይሁን እንጂ ወስና ስትሰጥ እርዳታ ይሆናል፤ ሳትጠየቅ ሲወሰድባት ግን ሌላ ስም አለው። በብዙ ቤት ያየሁት ታሪክ አንድ ነው፤ ልጅቷ ስድስትና ሰባት ዓመት ደክማ ስትመለስ፥ በላከችው ገንዘብ የተሠራው ቤት በወንድሟ ስም ሆኖ፥ እርሷ በእንግድነት መደብ ላይ ትተኛለች። በገንዘቧ ቤት ወይም ቦታ ቢገዛ ስሟ ይጻፍበት።

አምስተኛና ዋነኛው፥ ስትመለስ ተቀበሏት። ባዶ እጇን ብትመጣ፥ ታማ ብትመጣ፥ ልጅ ታቅፋ ብትመጣ፥ ሐሜተኛው ጎረቤት ከመድረሱ በፊት እናንተ በሯን ክፈቱ። ከአብርሃም ቤት የወጣችው ግብፃዊት አገልጋይ አጋር ልጇን ይዛ በምድረ በዳ ስታለቅስ፥ ሰው ሁሉ ቢተዋት እግዚአብሔር እንዳልተዋት፥ መልአኩም በስሟ እንደ ጠራት በኦሪት እናነባለን። የቤቷ እመቤት አገልጋይ ብላ ብቻ ትጠራት ነበር፤ መልአኩ ግን አጋር ብሎ ጠራት።

ስለ ወገራዋ ልጅ መጨረሻ ለመስማት የምትፈልጉ ትኖሩ ይሆናል። ያን ቀን እናቲቱ ወረቀቱን መልሰው በነጠላቸው ሊቋጥሩ ሲሉ፥ ልጅቷ «እማዬ፥ እኔ ልያዘው» አለቻቸው፤ እርሳቸውም ጥቂት አመንትተው ሰጧት። ዕድሜዋ እስኪደርስ ትምህርቷን እንድትቀጥል አባቷ ተስማሙ። በ18 ዓመቷ ከአባቷ ጋራ ወደ ባንክ ሄዳ በራሷ ስም ደብተር አወጣች። ትሂድ ወይም ትቅር እስከ ዛሬ አልቈረጠችም። የእኔን አሳብ በጠየቀችኝ ጊዜ ነገርኋት፤ ብትቀር እመርጣለሁ። ከነገርኋት በኋላ ግን ዝም አልሁ፤ ቍርጡ የእርሷ ነውና።

በስደት የነበረች እመቤታችን፥ በባሕር ማዶና በበረሃ ያሉትን ልጆቻችንን፥ በምድራችንም የተጠለሉትን እንግዶች በምልጃዋ ትጠብቅልን። ለእኛም ለወላጆችና ለመምህራን፥ ሣጥናችንን የምንከፍትበትን ልብ እግዚአብሔር ይስጠን። አሜን።